በጊዮርጊስ ዕለት የመጣ ሽቦ

“ኧረ በጊዮርጊስ! መልሱት ዶማውን፤ ዛሬ መሬት አይቆፈርም!”

አያ ይሄይስ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ከጤፋቸው ዳር ደረሱና የመጀመሪያው የሽቦ ምሰሶ ሊተከልበት ከተለየው ቦታ ላይ ቆሙ። ከፍኖተ ሰላም የመጣው የኢንተርኔት ሠራተኛ ወንዳወቅ ዶማውን እንዳነሳ ቀረ። ሰብሊ ከኋላው ሕፃኗን አዝላ ቆማለች። ሌሊቱን ሲያለቅስባት ስላደረ እንቅልፉ ገና አልለቀቃትም፤ አደይ አበባውም፣ በጤፉ ላይ የተኛው ጉምም፣ በጉሙ ውስጥ የቆሙት ጎረቤቷም ግማሽ በግማሽ ሕልም ይመስሏት ነበር።

“አያ፣ ሽቦው በማሳዎ እንዲያልፍ ባለፈው ሳምንት ፈቅደውልኝ አልነበረም?” አለች ሰብሊ።

“ፈቅጃለሁ። ቃሌን አላጠፍሁም። በጊዮርጊስ ቀን ይመጣሉ ብዬ መቼ አሰብሁ? ጤፉ እያሸተ ነው ልጄ። በዓል ሽረን በረዶ ቢወርድብን ምን ልንበላ ነው?”

“ድንቄም በረዶ!” አለ ወንዳወቅ በሆዱ ያሰበው አምልጦት። “ጉሙ ሲገፈፍ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው የሚሆነው።”

“አምናም ጥርት ብሎ ነበር” አሉ አያ ይሄይስ። አምና በረዶ የሳቸውን ማሳ እንዳጨደው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወንዳወቅ ያነሳውን ዶማ ዝቅ አደረገ።

የሰብሊን ሕልም እንግዲህ ሰው ቢሰማው ይስቅባታል። ሌላው ቪላ ያልማል፣ መኪና ያልማል፤ እሷ የምታልመው ዋይፋይ ነው። ባሕር ዳር ላለ ፎቶ ቤት የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ያቀናበረችውን በስልክ ፓኬጅ ስትልክ የድካሟን ግማሽ ፓኬጁ ይበላዋል። ስለዚህ ላፕቶፗን ይዛ ከተማ ካፌ ትሄድ ነበር፤ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ስትቀመጥ አስተናጋጇ ዓይኗን ታጉረጠርጥባት ነበር። ከወለደች ወዲህ እሱም ቀረ። ባሏ ሽንዲ ከተማ ነው የሚያስተምረው፣ ልጁን የሚይዝላት የለም። ፎቶ ቤቱ ደግሞ ከዚህ ወር በኋላ በሰዓቱ ካልላክሽ ሥራውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ብሏታል።

የቤት ኢንተርኔት ወርኃዊ ክፍያው ርካሽ አይደለም፤ ግን ስንት ሠርግ ቢላክበት ያው ነው። ልጇን እያጠባች በልቧ ስንቴ ልካዋለች! ሙሽሮቹ እየሳቁ፣ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ፣ በጤፉ ላይ ተንሳፍፈው በቡሬ በዱርቤቴ አልፈው ባሕር ዳር ሲገቡ ይታያታል። እሷ ግን ከአልጋዋ አልተነሳችም፣ ልጁም አልነቃም። ውይ፣ እንዴት ደስ ይል ነበር!

“ስሚ ሰብሊ” አለ ወንዳወቅ። “በዚህ መንገድ የቀረችው አንዲት መስመር ናት። ዛሬ ሞደሙ ካልበራ ለተረኛው ትተላለፋለች። ነገ እኛም ቡሬ ነን።”

“ሌላ መስመር መቼ ይጨመራል?”

“እሱን እኔም አላውቅ።”

ያንተ ያለህ፣ ሁለት ጉድጓድ ብቻ! አያ ይሄይስ ፊቷን አይተው ከቦታው ፈቀቅ አሉ።

“አልከለክልሽም። ቆፍሩ ካልሽ ቤቴ እገባለሁ። ብቻ እስከ አጨዳው ድረስ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ነው የምከርመው።”

ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። ቢጮኹባት እሷም ትጮህ ነበር።

“ተወው ወንዳወቅ” አለች።

“ቀለድሽ?”

“ዶማውን ነው ተወው ያልኩህ። መስመሯ እንዳታልፈኝ ዛሬ የሆነ ቤት ትብራ። የማንም ቤት ቢሆን?”

“ውሉ በስምሽ ይሁን እንጂ . . .” አለና ወደ አያ ይሄይስ ቤት ዞረ። የሳቸው ቤት ከመንገዱ ዳር፣ ከነባሩ ምሰሶ ሥር ነው፤ የሰብሊ ከጤፉ ማዶ። “እዚያማ ያለ ጉድጓድ ይደርሳል።”

“አያ፣ ሚስማር መምታትስ በዓል መሻር ነው?”

አያ ይሄይስ አሰቡ። ደህና አድርገው አሰቡ። “ሚስማር እንኳ . . . መሬት አይነካም” አሉ በመጨረሻ።

“የጋቢዎን መስቀያ በማርያም ዕለት አይደል እንዴ የመቱት!” አሉ ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ከበራፉ ላይ ሆነው። “ግቢ ልጄ፣ ቤትሽ ነው። ሥራሽንም እዚሁ ሥሪ፣ ልጁን እኔ እይዝልሻለሁ።”

ሽቦው በጣሪያው ጠርዝ ገባ። ሰብሊ የምትቀመጥበት ሲፈለግ ግን ብርሃን ያለው ቦታ ላይ የእህሉ ጎታ ተገትሯል።

“እንግፋው” አሉ አያ ይሄይስ።

“ኧረ አያ፣ ይከብዳል! ደግሞስ በበዓል . . .”

“ዝም ብለሽ ያዢው።”

ልጇን ለእትዬ አልጣሽ ሰጠች። እግሯን አጽንታ፣ ትንፋሿን ይዛ ባላት አቅም ገፋችው። ጎታው ወዲያው ሸርተት ሲል ልትወድቅ ምንም አልቀራት። በውስጡ ከሥር የቀረው ጥቂት እህል ሸሸሸ ሲል ሁሉም ሰሙት። እትዬ አልጣሽ ሕፃኑን እሹሩሩ ማለት ጀመሩ።

“ጤፉ ይድረስ እንጂ ይሞላል” አሉ አያ ይሄይስ እጃቸውን እያራገፉ።

ሰብሊ ጎታውን ቀና አድርጋ አቆመችው።

የሞደሙ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ። ወንዳወቅ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ “ሳምንት ከቡሬ ስንመለስ ምሰሶዎቹን ተክለን ወደ ቤትሽ እናዞርልሻለን” አላት። “በዓልም አይደለም፣ አይቻለሁ። ገመዱን ስንጎትት ብቻ ጤፉን ትንሽ እንረግጠዋለን።”

“እኔ ፈቅጃለሁ ብያለሁ፣ ፈቅጃለሁ” አሉ አያ ይሄይስ።

ሰብሊ በበራፉ ወደ ማሳው አየች። ጉሙ ተገፍፏል። ከጤፉ ማዶ የቤቷ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል።

“ከአጨዳ በኋላ ኑ” አለችና ላፕቶፗን ልታመጣ በማሳው ዳር ዳር ሄደች።