ያለ ጾም የመጣ ይቅርታ

ፋናዬ ጎመን ጥዳ ሽንኩርት ስትልጥ ጎረቤቷ የኋላሸት በሩ ላይ ቆመ። ጢሙን ተላጭቷል፤ የክት ኮቱንም ለብሷል።

«እትዬ ፋናዬ፣ አውቄም ይሁን ሳላውቅ ያስቀየምኩዎት ካለ ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፤ እኔንም ይቅር በለኝ» አለች፣ ቢላዋውን እንኳ ሳታስቀምጥ። አፏ የለመደው ነው፤ ጾም ሊገባ ሲል ከሰው ጋር ስትቀባበለው ኖራለች። የኋላሸት ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ።

ነገሩ የቆረቆራት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ፋሲካ ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በሚበላበት ወቅት ይቅርታ ጠያቂ ከየት መጣ? መንገድ ሊሄድ ነው እንዳይባል፣ ይህ ሰው ከአሰላ ወጥቶ ኢተያ እንኳ ሲያድር አልታየም። ተቀመጠች። ተነሳች። ደወለችለት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ሚስቱ ዘመናይ በጥቅምት ከሞተችበት ወዲህ ሰውነቱ አልቆ ኮቱ ሰፍቶታል። ሁሉም አይቷል፤ «እግዜር ያጽናው» ብሎም አልፏል። ፋናዬም አልፋለች።

«ደግሞ ምን ብዬ ነው ሰው ቤት ዘው የምለው?» አለች። የሰፈሩን ሠርግና ፍቺ ሳትጠራ የምትዳኝ ሴት ዛሬ ይሉኝታ ያዛት! ጎመኑ ማረር ጀመረ። ምድጃውን አጥፍታ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። በጋሪና በባጃጅ መሀል ቁልቁለቱን ስትወርድ አንዲት ጎረቤት «ምን ሆነሻል?» ብትላትም አልመለሰችላትም።

በሩን ገፍታ ስትገባ የኋላሸት ኮቱን እንደለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ይቅርታውን መልሼ ወስጃለሁ» አለች እያለከለከች። «አልማርኩህም።»

«ምን አጠፋሁ?»

ቀረብ አለችው። ይህን ቃል ሰፈሩ በሹክሹክታ እንጂ ጮክ ብሎ አይናገረውም። «የኋላሸት፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

አቀረቀረ። «አዎ» አለ።

ለፋናዬ ምክር ቸግሯት አያውቅም። ያን ቀን ግን ምክሯን ዋጠችው። አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘች።

«ከአርባዋ ወዲህ ይህን ቤት የረገጠ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለ።

አፈረች። በአርባዋ ዕለት ድንኳኑ በሰው ሞልቶ መቀመጫ አልነበረውም። በማግስቱ ግን ሰው ሁሉ «እስቲ ይረፍበት» ብሎ ተወው፤ እሷም ጭምር። «ይቅርታ ጠያቂስ እኔ ነኝ» አለችና አለቀሰች። እሱም ያን ጊዜ አለቀሰ።

ሲረጋጋ «ሐኪም ዘንድ አብረን እንሂድ» አለችው፤ እሺ አለ። ባሏ ገብረ መድህን ማታ መጥቶ አብሮት እንዲያድር ደወለች፣ ባጃጅም አስቆመች። ሐኪም ቤት ተራቸውን ሲጠብቁ የኋላሸት ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ፣ ነገስ ይመጣሉ?»

«ቁርስ ሳትበላ ጠብቀኝ» አለችው።