ወፍራሙ ሥር

በምርምር ጣቢያው ሰዎች ዘንድ ስሟ «ቆጣሪዋ» ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስሙን የሰማችው ሁሉም ከለመደው በኋላ ነው። ለነገሩ ምን ትበል? ሥራዋ የግራር ችግኝ ሥር ጫፍ ቆርጦ፣ በአሲድ አለስልሶ፣ ቀይ ቀለም አጠጥቶ፣ በሁለት መስታወት መካከል በአውራ ጣት ጨፍልቆ፣ በማይክሮስኮፕ ክሮሞሶም መቁጠር ነው። ክሮሞሶሞቹ መሬት ላይ የተበተነ የክር ቁርጥራጭ ይመስላሉ። አንዱ ባንዱ ላይ ከተኛ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀመራል። አንገቷ ደርቋል፣ ዓይኗ ፈዟል፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ቀለም እንደጠጣ ቀርቷል።

ይህን መከራ የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ በጉልምስናቸው ጊዜ የወንዝ ዳሩ ግራር እንደ ዘመዶቹ ሃያ ስድስት ክሮሞሶም ሳይሆን ሃምሳ ሁለት አለው፤ በጥንት ዘመን አንድ ቀን እጥፍ ሆኖ ተወልዶ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኗል ብለው ጻፉ። ሌሎች ቆጥረው ሃያ ስድስት አገኙ። በትልቅ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «እጥፍ የሆነው መነጽሩ ነው» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ያን ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ገና ተማሪ ነበረች። የአባቴን ስም ሳላጠራ አልሞትም ብላ ለራሷ የማለችው እዚያው ነው።

መሐላ ደግሞ ሰው ያስረጃል። አባቷ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሥራውን ካቆሙበት አነሳችው፤ ወጣትነቷም እዚያው መስታወት ሥር አለቀ። ተማሪ ሳለች ሲያስተምሯት «ቀጭኑ ሥር ሰነፍ ነው፣ ወፍራሙን ቁረጪ» ይሏት ነበር። ወፍራሙን ስትቆርጥ እውነትም ሃምሳ ሁለት ታገኛለች። ማታ ማታ አባቷ ከታናሽ እህቷ ጋር ወደሚኖሩበት ቤት እየሄደች፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የቀኑን ቆጠራ ትነግራቸዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የአባቷን ቃል የሚያጸናው ጽሑፏ አልቆ የቀረው የማረጋገጫ ቆጠራ ብቻ ነው። አባቷ ታመዋል፤ ታትሞ ሳያዩት እንዳይሞቱ ስትል እንቅልፍ አጥታለች።

በዚያ ሳምንት የችግኝ ጣቢያው አፈር አለቀና ዘሩን በብርጭቆ ሳህን፣ እርጥብ ወረቀት ላይ አበቀለችው። ወፍራም ሥር የሚባል አልወጣም፤ ሁሉም ቀጫጭን። ምን ምርጫ አላት? ቆርጣ ቆጠረች። ሃያ ስድስት። ሌላ ቆረጠች፣ ሃያ ስድስት። ዘሩ ተቀላቅሎ ይሆን እንዳትል ከዛፉ የለቀመችው ራሷ ናት።

ቀድሞ በአፈር ካበቀለቻቸው ችግኞች አንዱን ነቅላ ወፍራሙን ሥር ያዘች። ይህን ጊዜ አልጨፈለቀችውም። በምላጭ ስስ አድርጋ ሰነጠቀችና አየችው። የሥር ጫፍ አልነበረም። አብጦ ገና ያልጎላ የባክቴሪያ ማደሪያ ነው። አብዛኞቹ የግራርና የባቄላ ዘመዶች ሥራቸው ላይ ባክቴሪያ ያሳድራሉ፤ ያን እንግዳ የሚያሳድሩት ሴሎች ደግሞ ክሮሞሶማቸውን እጥፍ ያደርጋሉ። እጥፍ የሆነው ዛፉ ሳይሆን የእንግዳ ክፍሉ ነው። ይህን እሷ ራሷ ለተማሪ ስታስተምር ኖራለች! ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይኸው ነው። ምላጩን ጠርጋ አስቀመጠች። ማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል፤ አልነበራትም።

ማታ እህቷ በር ከፈተችላት። «ዛሬ ደህና ውለዋል፤ አንቺን እየጠበቁ ነው» አለቻት።

አባቷ ገና ስትቀመጥ «ስንት?» አሏት።

ሃምሳ ሁለት ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ማንም አይጎዳም፣ እሳቸውም በሰላም ይሄዱ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው መጥታለች። አፏ ግን እምቢ አላት።

«ሃያ ስድስት ነው፣ አባባ። ወፍራሙ ሥር የባክቴሪያ ማደሪያ ነው። ተሳስተናል።» አሁን ይሰበራሉ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ማደሪያ መሆኑን። ሰንጥቄ አይቼዋለሁ። ጡረታ ልወጣ ስል።»

እሷ ሥራውን የጀመረችው እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ነገሩ ሲገባት እጃቸውን ለቀቀች።

«ታዲያ ዝም ብለው አዩኝ?»

«መጀመሪያ አፈርኩ። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል፣ አንቺ በየማታው መምጣት ጀመርሽ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እኮ እግርሽ ከዚህ ቤት ጠፍቶ ነበር። ካወቀች ትቀራለች አልኩ፣ ልጄ።»

«እቀር ነበር እንዴ?»

«ቀርተሽ ነበር እኮ።»

እውነት ነው። እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ያችን ቃል ሰስተው ዕድሜዋን አስከፈሏት። መጮህ ፈለገች። ግን ማን ላይ? ብርድ ልብስ ውስጥ የጠፉ አንድ ከሲታ ሽማግሌ ላይ?

«ነገስ ትመጫለሽ?» አሉ።

ቦርሳዋን ይዛ ተነሳች።

«መጥቼ ምን ልንገርዎት?» አለች።

አባቷ መልስ ፈለጉ። ከክሮሞሶም ሌላ ከልጃቸው ጋር ያወሩት ነገር ትዝ ሊላቸው አልቻለም። እሷም ቆማ ጠበቀቻቸው።