የማን ክንድ ነው?

ልብስ ሰፊው ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደም ግፊቱን ሳይለካ ከቤት አይወጣም። ሚስቱ አናቱ ላይ ቆማ፣ «እግርህን መሬት አስነካ፣ ጀርባህን ደገፍ አድርግ፣ ወሬ አቁም!» እያለች ታዘዋለች፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ የምትጽፈውም እሷው ናት።

ዛሬ መለኪያውን ሲያነሳ ግን የክንዱ መጠቅለያ ጠቦ ተጣብቆ አገኘው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጅጌ ሲሰፋ ለኖረ ሰው ይህ አያመልጥም።

«የትኛው ቀላዋጭ ነው ዕቃዬን የሚነካብኝ?» አለ በሆዱ። መጀመሪያ ጎረቤቲቱን ጠረጠረ፤ ካላየሁ ካልነካሁ ባይ ናት። መለኪያው ያለፈውን ውጤት ስለሚያስቀምጥ ቁልፉን ተጫነ። ትናንት ከሰዓት፣ 186 በ110። እሱ ከሰዓት ሱቁ ነበር፤ የራሱ የጠዋት ውጤትም 138 ነው። ደግሞ ተጫነ። ሰኞም አለ፣ ማክሰኞም አለ፤ ሁሉም ከሰዓት፣ ሁሉም ሰማይ የነካ።

የጎረቤቲቱ ክንድ ደግሞ የእሱን ጭን ያህላል! ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የመጠቅለያውን ዙሪያ ለካ። ሃያ ስድስት ሴንቲ ሜትር። በዚህ የክንድ ልክ ባለፈው ወር ቀሚስ ሰፍቷል።

ሚስቱ እስክሪብቶዋን ይዛ ገባች። «ምን ይገትርሃል? ተቀመጥ እንጂ!»

ወንበሩን ወደ እሷ ገፋው። «አንቺ ተቀመጪ። እግርሽን መሬት አስነኪ።»

«እኔ እኮ እንዳትጨነቅ ብዬ...»

«ወሬ አቁሚ!» አላት፣ መጠቅለያውን ክንዷ ላይ እየጠቀለለ።