ከካባኑ አንገት ላይ የተነሱት ወረቀቶች

ማን ፈቀደላት? ጉሌድ ከማሌዥያ ወደ ጅግጅጋ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ይህን ጥያቄ ማንንም ሳይጠይቅ በሆዱ ይዞት ይዞራል። አባቱ ሂርሲ ሶማሌው ካባን፣ ዐረቡ ዑድ የሚለው ሆደ ሰፊ ባለ ክር መሣሪያ አለው። በባቡሩ ዘመን ከጅቡቲ ተጭኖ አዲጋላ ጣቢያ ላይ የወረደ፣ ከዚያ ወዲህ የስንቱን ሰርግ ያደመቀ ካባን ነው። ጉሌድ ተመልሶ ሲያየው ግን በአንገቱ ጠርዝ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚጻፍባቸው ትንንሽ ወረቀቶች ተለጣጥፈውበታል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ። በያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ አንዳንድ ፊደል ተጽፎበታል፤ ሀይማኖት የምትባል ልጅ የእጅ ጽሕፈት ነው።

ሀይማኖት የጎረቤታቸው የባህሩ ልጅ ናት። ባህሩ ከደሴ መጥቶ ጅግጅጋ ከከተመ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ወረቀቶቹም ከሱ ሱቅ መደርደሪያ መምጣታቸው ምስክር አያሻውም። ጠዋት ጠዋት ጉሌድ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ልጅቷ በሩ ላይ ትገጥመዋለች። «አዴር ተነሱ?» ትለዋለች፤ ሂርሲን አጎቴ ማለቷ ነው። መልሱንም ሳትጠብቅ አልፋው ትገባለች።

አንድ ቀን የረሳውን የትምህርት ማስረጃ ሊወስድ ተመለሰና ከተዘጋው የአባቱ ክፍል ደጃፍ ቆመ። ከውስጥ የካባኑ ድምፅ ይሰማል። አንድ ድምፅ ይወጣና ይጠፋል፤ ቀጣዩ እስኪገኝ ረጅም ዝምታ ይሆናል፤ ሲገኝም ተጣሞ ይወጣል። ይሄን ያህል ጊዜ ተምራ ገና እዚህ ናት? አለ ጉሌድ በሆዱ፣ ደስም አለው። ደስታው ግን አልቆየም።

«ቆይ ኣቦ፣ ቆይ… አሁን!» አለ አባቱ ከውስጥ፤ ከዚያም ሁለቱም ሳቁ።

ሶማሌ አባት ልጁን የሚጠራው ልጁ እሱን በሚጠራበት ቃል ነው። ልጅ «ኣቦ» ሲለው እሱም መልሶ «ኣቦ» ይለዋል። ጉሌድ ያን ቃል ከዚያ አፍ የሚሰሙ ሰዎች በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ይመስሉት ነበር፤ እሱ እና ጉናጋዶ ከተማ የምታስተምረው እህቱ ዴቃ። ስለ ሦስተኛዋ ማንም አልነገረውም።

ልጅ ሳለ ያን ካባን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ አባቱ «መጀመሪያ ደብተርህን» ብሎ መልሶታል። ደብተሩን ያዘ። ደብተሩ ኩዋላላምፑር አደረሰው፤ ኢንጂነር አደረገው። እነሆ ተመልሶ ሲመጣ ዲግሪውን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አላገኘም፤ ካባኑም የሌላ ሰው ልጅ ጭን ላይ ነው። ለምን ተመለስኩ ይላል፣ ባልመለስስ ኖሮ ምን ነበረኝ ይላል፤ አንዱንም አይጨርሰውም።

«ኣቦ፣ አንዲት ዘፈን ብቻ ተጫወትልኝ» አለው አንድ ከሰዓት። ሂርሲ በቀኝ እጁ የሻሂ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ግራ እጁን ትከሻው ላይ ካለው ፎጣ ሥር ሸጎጠ።

«ኋላ ኣቦ፣ ኋላ።»

ለእሷ ጠዋት ጠዋት ጊዜ አለው፤ ለእኔ ኋላ ነው። ጉሌድ የሰማው ይህን ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሀይማኖት ስትመጣ በሩን በክንዱ ዘግቶ ጠበቃት።

«አዴር ተነሱ?»

«ተኝቷል።»

«ሲያስሉ ይሰማኛል እኮ።»

«ስሚ ሀይማኖት፣ አሁን ልጁ መጥቷል። ትምህርቱ ይበቃል።»

«የማን ትምህርት?»

«ያንቺ ነዋ!»

ልጅቷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉህ?»

«እሱ ምንም አላለኝም።»

«እንግዲያው እኔም ምንም አልልህም፤ አትንገሪ ብለውኛል። ራሳቸው ይንገሩህ።» ፊቷን አዞረችና ደግሞ ተመለሰች። «ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ የመጣኸው ዘበኛ ልትሆን ነው?»

አባቱ ለጁምዓ ሶላት እንደወጣ ጉሌድ እህቱ ዘንድ ደወለ።

«ዴቃ፣ የጸጉር ማድረቂያሽ የት ነው?»

«ምን ልታደርቅበት? ከፊትህ በኩል የቀረ ጸጉር የለህም እኮ!»

«አለኝ አልኩሽ? ለሌላ ነገር ነው።»

«ቁም ሳጥኑ ታች። ካቃጠልከው አዲስ ትገዛለህ፣ እሺ መሐንዲስ?»

ወረቀቶቹን ሊያነሳቸው ነው፤ ሥራውን ያውቀዋል። ኩዋላላምፑር ሳለ የክፍል ጓደኛውን ጊታር ሙጫ በአልኮል ሲጠርግ ቫርኒሹ እንደ ወተት ነጥቶ ቀርቶበታል። ስለዚህ አልኮል የለም፣ ቤንዚን የለም፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም የለም። ካባኑን ፎጣ ላይ አስተኛው። ማድረቂያውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጎ፣ ከእንጨቱ አርቆ፣ አንድ ቦታ ሳያቆም አወዛወዘው፤ ብዙ ሙቀት የካባኑን መገጣጠሚያ ይከፍታልና በየመሀሉ በእጁ ጀርባ ይዳስሳል። ወረቀቱ ሲለሰልስ ጠርዙን በጥፍሩ አነሳና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ከእንጨቱ ሳያርቅ፣ ቀስ አድርጎ ሳበው። ቫርኒሹ እንዳለ ቀረ።

አጋማሽ ላይ መብራት ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቦጭቀው ነበር። እሱ ከፔርሙዙ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ቀዳ፣ በጨርቅ ጠቀለለና ወረቀቶቹ ላይ በየተራ እያሳረፈ ጠበቀ። የተረፈውን ሙጫ በአውራ ጣቱ እያድበለበለ አነሳ። የማይለቀውን መጀመሪያ ከጀርባ፣ በማይታይ ቦታ ሞክሮ፣ በጥጥ ጨርቅ ጫፍ ባስነካት የሰሊጥ ዘይት ጠረገው፤ ዘይቱንም በደረቅ ጨርቅ አነሳው። የሀይማኖት ፊደሎች እርስ በርስ ተጣብቀው መዳፉ ውስጥ አንዲት ትንሽ እንክብል ሆኑ። አንገቱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አየው። ጭረት የለም፣ እድፍ የለም፤ ማንም ነክቶት የማያውቅ ይመስላል። ከተመለሰ ወዲህ እንደዚያ ቀን የረካበት ጊዜ አልነበረም።

ሂርሲ ሲመለስ ካባኑን በሁለት እጁ አቀረበለት።

«ኣቦ፣ እይ! እንደ ድሮው አደረግኩልህ።»

ሂርሲ ካባኑን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አኖረ። ከላይ ወደ ታች አንገቱን አየ። ከዚያ ጉሌድ ከመጣ ጀምሮ ከፎጣው ሥር ወጥታ ያላያት ግራ እጅ ወጣች። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተኮራምተዋል። አንገቱ ላይ ወጡ፤ ወዲህ ሄዱ፣ ወዲያ ሄዱ። ቀኝ እጁ ክሩን መታ። የወጣው ያ ድምፅ ነበር፤ በበሩ በኩል የሰማው፣ ተጣሞ የሚወጣው።

«ወረቀቶቹ የት ሄዱ?»

«የ… የእሷ ወረቀቶች?»

«የእኔ ናቸው ኣቦ፤ ጣቴ የት እንደሚያርፍ የሚያሳዩኝ።» ሂርሲ ዓይኑን ከካባኑ አላነሳም። «አንተ የመጨረሻው ፈተና ላይ ሳለህ ወደቅኩ። ደም ጭንቅላቴ ውስጥ ፈሰሰ አሉ። እግሬ ተመለሰ፣ እጄ ግን ቦታውን ረሳ። ሩቅ ላለ ልጅ ይሄ ይነገራል? ትምህርትህን ጥለህ ልትመጣ ነው? ዴቃንም ልጅቷንም አስማልኳቸው። ስትመጣ ደግሞ… መጀመሪያ ጥሩ አድርጌ ልጫወትልህ ብዬ ነው። ኋላ ያልኩህ ለዚያ ነው።»

ጉሌድ ስልኩን አወጣ። «ችግር የለም። ድምፅ የሚለካ ነገር አለኝ፤ ቦታዎቹን አሁን አገኛቸዋለሁ።»

«የስልክህን ድምፅ ምን አደርገዋለሁ? እሷ የለካችው ከእኔ ጉሮሮ ነው። እኔ አዜማለሁ፤ እሷ ትፈልጋለች።»

«እንግዲያው አዚምልኝ።»

ሂርሲ አዜመ። ጉሌድ ክሩን ተጭኖ መታ። ሂርሲ ራሱን ነቀነቀ። ጉሌድ ጣቱን ትንሽ አወረደ። «አይደለም ኣቦ።» ከፍ አደረገ። «አይደለም።» የቱ ጋ እንደተሳሳተ እንኳ አይሰማውም፤ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። ይህን ጆሮ ለእኔ ማን ሰጠኝ? ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። አሁንም እንኳ፣ እዚያ ተቀምጦ፣ በልጅቷ ጆሮ ይቀና ነበር።

እንክብሏን ሊፈታት ሞከረ። ወረቀቱ ተቀዳደደ። እንጨቱን በስልክ መብራት ፈተሸ፤ አንድም ዱካ አልተወም።

ወደ ባህሩ ሱቅ ሄደ። «ሀይማኖት እስከ ትናንት ማታ ድሬዳዋ ለመሄድ አላሰበችም ነበር፤ ዛሬ ግን እህቴ ዘንድ ልክረም ብላ ቀትር ላይ ተሳፈረች» አለው ባህሩ ሚዛኑን እየወለወለ። «ምን ነካት? እናንተ ቤት ምን ሆነች?»

ጉሌድ ቁጥሯን ተቀብሎ ደጃፉ ላይ ቆሞ መልእክት ጻፈላት። መጀመሪያ «ወረቀቶቹ በሙቀቱ ለቀው ወደቁ» አለ። አጠፋው። ቀጥሎ «አባቴ ይፈልግሻል» አለ፤ እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ እንዲህ ሲል ላከው፦

«ሀይማኖት፣ ጉሌድ ነኝ። ወረቀቶቹን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። የማን እንደሆኑ አላወቅኩም ነበር። የት የት እንደነበሩ ታስታውሻለሽ? ኣቦ እየጠበቀሽ ነው።»

ማንበቧን የሚያሳዩት ሁለት ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። አሁን ትጽፋለች ብሎ ጠበቀ። ነፋሱ ከካራማራ በኩል አቧራ እያመጣ የሱቁን ሸራ ሲያራግብ፣ ከግቢው ውስጥ አባቱ ያልተጫነውን ክር ብቻ፣ አንዱን፣ ደጋግሞ ሲመታ ይሰማዋል። በማግስቱም ስልኩን አየው፤ ከዚያም ወዲያ አየው። ከመልእክቱ ሥር ምንም አልነበረም።