ጋሽ ዑቕባዝጊ እጃቸውን ሲከፍቱ

«ሹገር» አለች ዮሃና፣ ሸይማ ከያዘችው ትሪ ላይ ውሃ እያነሳች።

ሸይማ ጎንበስ ብላ አሸዋ እንደሚያፈስ ሰው የነጻ እጇን ጣቶች አሻሸች። «ማቴሪያል ናውን።»

«ቲም?»

ጣቶቿን ሰበሰበቻቸው። «ኮሌክቲቭ።»

«በይ ዙሪና ነይ።»

ለቀስተኛው ዮሃናን ውሃ ጥም ያቃጠላት መሰለው። ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ በተነጠፈበት በዚህ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሐዘንተኛ ጎረቤቷን እንግሊዝኛ ታስጠናለች ብሎ ማን ይጠርጥር? ነውር መሆኑን ዮሃና አላጣችውም። ግን ምን ታድርግ፣ አባቷ ከተቀበሩ ወዲህ ልቧን ትንሽ ያነቃቃው ይሄ ብቻ ነው።

ሸይማ ነገ ጠዋት ሃያ ሁለት አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ ተቀባይነት ፈተና አለባት። አምና ተፈትና ወድቃለች። ያኔ የዮሃና አባት ጋሽ ዑቕባዝጊ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፣ «እኔ እዚህ ተቀምጬ?» ብለው ተቆጡ። ከዚያ ወዲህ ሸይማ ቡልቡላ ከምትሠራበት ልብስ መሸጫ ስትመለስ ደረጃው ላይ ጠብቀው ያስተምሯት ጀመር።

የእንግሊዝኛን የስም ዓይነቶች ያስጠኗት በእጃቸው ነው። የሰው ወይም የአገር ስም ሲሆን ባርኔጣቸውን ብድግ ያደርጋሉ። አብስትራክት ናውን ላይ ሲደርሱ ግን ዓይናቸው ይበራል። እጃቸውን ጨብጠው «ምን ይዣለሁ?» ይላሉ። ሲከፍቱት ባዶ ነው። ባዶውን መዳፍ ደረታቸው ላይ ያሳርፉና «አይታይም፣ አይጨበጥም፣ ግን አለ» ይላሉ። ዮሃና በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች ትሰማቸው ነበር።

ሸይማ ዞራ ተመለሰች። «አልሄድም» አለች ትሪውን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ሠልስት ነው፣ እቃ የማጠብ ተራውም የኔ ነው። ጋሼን ትቼ በምን ዓይኔ እሄዳለሁ?»

«ሆስፒታል ተኝቶ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹የሸይማ ፈተና መቼ ነው?› ነው ያለኝ። ስለ እኔ እንኳ አልጠየቀም።» ዮሃና ትንሽ ቅናት ቢጤ ወጋት። «ትሄጃለሽ፣ አባዬ ይሙት።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ሁለቱም ተያዩ። ሳቃቸው ሊያመልጥ ሲል ዮሃና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አጠገቧ የተቀመጡት የአባቷ እህት፣ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ጎሸም አደረጓት። «ምን ያንሾካሽካችኋል? ለአባትሽ አንዲት እንባ ሳታወጪ። ሰው እያየሽ ነው።»

እንባው አልመጣ ብሏት ዮሃና ራሷም ፈርታ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሸይማ ሽርጧን አስራ ከድንኳኑ ጀርባ ሳፋው ፊት ተቀምጣለች። ዮሃና ከፎቅ ወረደችና ሽርጡን ከሸይማ ወገብ ፈታችው።

«ሐዘንተኛ እቃ ሲያጥብ የት ታየ?» አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን ተከትለዋት ወርደው።

«ዛሬ ይታይ፣ አክስቴ። ተራዋን እኔ ይዤላታለሁ። አባዬ ያስተማራት ለዛሬ ነው።» ከዚያ ወደ ሸይማ ዞረች። «ተነሺ፣ ታክሲ ያመልጥሻል።»

ሸይማ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ሮጠች። ወይዘሮ ለተብርሃን የእድሩን ሴቶች ገልመጥ ገልመጥ አደረጉና፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዮሃና ያጠበችውን ሰሃን ያለቀልቁ ጀመር። እስከ እኩለ ቀን ጎን ለጎን ሲያጥቡ ቆዩ። ዮሃና ግን በየደቂቃው ወደ መንገዱ ታያለች።

ሸይማ ስትመጣ እየሮጠች ነበር። ድንኳኑን ስታይ ደንግጣ እርምጃዋን አቀዘቀዘች፣ አንገቷን ደፍታ በለቀስተኛው መሃል አለፈችና ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አለፍኩ» አለች በዮሃና ጆሮ። «ሰኞ ጀምሪ ብለውኛል። ፈተናው ላይ እጄ ዝም ብሎ ይጨበጥ፣ ይከፈት ነበር። ፈታኙ ያማታል ብሎ ሳያስብ አልቀረም።»

ዮሃና እልል ማለት አማራት። በለቅሶ ቤት እልል አይባል ነገር፣ እርጥብ እጇን ከሳፋው አውጥታ ጨበጠችው። ከፈተችው። ከሳሙና አረፋ በቀር ምንም የለም። መዳፏን በጥቁር ቀሚሷ ላይ፣ ደረቷ ላይ አሳረፈችው፤ እንባዋ ያን ጊዜ መጣ።