የአያ አወቀ ፈሰስ

አያ አወቀ የሰደበኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የካቲት አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ከቅዳሴ ወጥተን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጥዱ ሥር ተቀምጠን ነበር። በስተቀኜ የሠርጌ ሚዜ ታረቀኝ ነበር። አያ አወቀ ብቻ ቆሟል፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፣ ያነሣል፣ መልሶ ጣል ያደርጋል። ይህን ሁሉ የማስታውሰው አንድም ቀን ተረስቶኝ ስለማያውቅ ነው።

አያ አወቀ የኮሶ ምንጭ የውሃ አባት ነው። የውሃ አባት ማለት በበጋ የምንጩን ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያደርስ፣ ሰዎች ሲጣሉበትም የሚዳኝ ሰው ነው። የሚሾመው ሕዝብ መርጦት ነው፤ እኔ ግን አልመረጥሁትም። የዚያን ዕለት የተሰበሰብነው ምንጩ ስለቀጠነ ነበር።

«እንዲህ እየቀጠነ ከሄደ ከጭራ ያሉት ማሳዎች ከተራ ይወጣሉ» አለ።

ከጭራ ያለው የእኔ ማሳ ነው። ከተራ ወጣሁ ማለት የበጋ ድንች ቀረ፣ ላሟም ተሸጠች ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሮብ ገበያ ወርዶ የሰው ሸክም መሸከም ነው። ተነሣሁና አንድ ነገር ጠየቅሁ። የጠየቅሁት ለተንኮል አይደለም፣ ከልቤ ነው።

«አያ አወቀ፣ ለመሆኑ ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣ? በበጋ ዝናብ የለም። በመጋቢት የሚፈልቀው የመቼ ዝናብ ነው?»

አያ አወቀ ፈገግ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«እዩት እንግዲህ! ሰው ውሃ ሲያጣ ውሃ ይፈልጋል፤ ይሄ ምናለ ግን የውሃን አያት ቅድመ አያት ይፈልጋል! ተዉት፣ ከስድስተኛ ክፍል የተባረረ ሰው እኮ ነው፤ ሰባተኛን እዚሁ ይማር።»

ሰዉ ሳቀ። ታረቀኝም ሳቀ። እኔ አልተባረርሁም። ትምህርቴን ያቆምሁ አባቴ ስለሞተ ነው። ይህን አያ አወቀ አሳምሮ ያውቃል፤ የአባቴን መቃብር ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው።

ስድቡን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጥያቄውም አብሮኝ ገባ።

ያን ጊዜ ሬዲዮው ስለ ዓለም ውሃ ያወራ ነበር። ትልልቅ ፎቅ ያለበት ከተማ ቧንቧው ደርቆ ሰዉ በባልዲ ይሰለፋል አለ። የባሕር ውሃ ጨዉን አጥርቶ የሚጠጣ አገርም አለ አለ። የእኛን ጮቄ ተራራ ደግሞ «የውሃ ማማ» ይለዋል። ከማማው ሥር ሚስቴ፣ የብርጓል፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወረፋ ትጠብቃለች። በእኛ ሰፈር ሴቶች ምንጩን የሚለኩት በጸሎት ነው።

«ድሮ አባታችን ሆይን ሳልጨርስ ይሞላልኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። «አሁንስ ዳዊት ካልደገምሁ የሚሞላ አልመሰለኝም። ዳዊት ደግሞ አልተማርሁ።»

ሐምሌ ሲገባ ደጃፌ ላይ ቆሜ ዝናቡን ማየት ያዝሁ። በእኛ አገር ገበሬ ከዘራ በኋላ ማሳውን በማረሻ ወደ ቁልቁል በሰያፍ ይቀደዋል፤ ውሃው እህሉን ሳያበሰብስ ቶሎ እንዲወጣ ነው። ፈሰስ እንለዋለን። ፈሰሱ ያማረለት ሰው ይመሰገናል። አባቴ በዚህ ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው፣ መቼስ ምን ይደረጋል፣ አያ አወቀ ነው። ማሳው ከምንጩ በላይ ነው፤ እዚያው ላሜ ከምትግጥበት ቁራጭ መሬቴ ጋር ይዋሰናል። ዝናቡ ሲወርድ የሁላችንም ፈሰስ ገደል ይገባል፤ ከገደሉ ጨሞጋ ወንዝ፣ ከጨሞጋ ዓባይ። ትንሽ ፀሐይ ብልጭ ስትል ጎርፉ የለም። በክረምት «ቶሎ ሂድልን» ብለን የሸኘነውን ውሃ በመጋቢት «ወዴት ሄድህ» ብለን እንፈልገዋለን። ይሄ ነገር ገረመኝ። የገረመኝን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለማን ልናገር?

በጥር ሕዝቡ ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ተጠራ። የምንቆፍረው እንደ ወትሮው ከመኪና መንገዱ በሚታየው ተረተር ላይ ነው፤ ከምንጩ በላይ የቆፈረ የለም። ሀይማኖት የምትባል ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ነበር፤ ገና ወጣት ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሳቅሽብኝ ግን ይቅርብኝ» አልኋት።

«ምን ያስቀኛል ጋሼ? ይጠይቁኝ።»

«ከላይ ቆፍሬ የክረምቱን ውሃ ባቆመው፣ ከታች በምንጩ በኩል ይወጣል?»

እስከ ግጦሼ ድረስ አብራኝ ወጣች፣ አፈሩን በመዳፏ ፈረፈረችው፣ ወደ ምንጩ ቁልቁል አየች።

«ሊወጣ ይችላል። አፈሩ ውሃ ያሰርጋል። ከሥር ያለው አለት ወዴት እንዳዘነበለ ግን አላውቅም። ከተራራው ጀርባ በሌላ ሰው ምንጭ ሊወጣም ይችላል።»

«አታውቂም?»

«አላውቅም።»

ከቢሮ መጥቶ «አላውቅም» ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠመኝም። በዚህች ብቻ አመንኋት። አቆፋፈሩን አሳየችኝ፤ ቁልቁለቱን አግድም፣ አፈሩን ወደ ታች እየከመሩ፣ በየመካከሉ ያልተነካ መሬት እየተዉ።

የብርጓል ስቆፍር መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ላሚቱ ጉድጓድ ልትግጥ ነው?»

«ዳር ዳሩ ላይ ሣር ይበቅላል።»

«አወቀ ባይሰድብህ ኖሮ ይሄን ሁሉ ትቆፍር ነበር?»

ዶማዬን አነሣሁ። አንዳንድ ጥያቄ ባይመለስም ይሆናል።

ክረምት ገባ። በእኔ ቁራጭ ላይ የዘነበው ብቻውን ጉድጓዶቹን አልሞላ አለ። አጠገባቸው ግን የአያ አወቀ ፈሰስ ደፍራሹን ውሃ ይዞ ወደ ገደሉ ይጋልባል። የፈሰሱን አፍ በዶማ ወደ እኔ መለስሁት።

በማግስቱ አያ አወቀ «ፈሰሴን ሰረቀኝ!» ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ቄስ ሀይለመለኮት መሐል ተቀመጡ።

«አወቀ፣ ውሃውን ትፈልገዋለህ?»

«ምን ያደርግልኛል አባ? ለገደል የለቀቅሁት እኮ ነው።»

«ታዲያ ምንህ ተሰረቀ?»

«የእኔ ፈሰስ ነዋ!»

በዚህ ጊዜ የተሳቀው በእሱ ነው። ይህችንም አልረሳኋትም። ቄሱ ግን ወደ እኔ ዞሩ፦ «ምናለ፣ ጉድጓድህ ተደርምሶ የታች ሰው ማሳ ቢጠርግ የዓመት ሰብልህን ለተጎዳው ትሰጣለህ።» እሺ አልሁ። ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ዶማ ይዤ ሽቅብ ነው። አንዱ ጉድጓድ ሊሸነቆር ሲል በድንጋይና በሣር ደፍኜ ያተረፍሁት ለጥቂት ነው።

ግን እኮ ደስ ይለኝ ነበር! ሞልቶ የተውሁት ጉድጓድ ስመለስ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ወዴት ሄደ? መሬት ላይ ተኝቼ ጆሮዬን ደፍቼ አዳምጫለሁ። ምንም አይሰማም። አንድ ሰው አይቶኝ ቢሆን አያ አወቀ ለዓመት የሚሆን ቀልድ ያገኝ ነበር።

በጋው መጣና ምንጩ ያው ቀጭን ሆነ። «ሰባተኛን ደገመ» አለ አያ አወቀ፤ የሰማሁት ከታረቀኝ ነው። ቀጥሎም በሰው ፊት ነገረኝ፦ የሚመጣው ዓመትም እንዲሁ ከሆነ ማሳዬ ከተራ ወጥቷል። ጉድጓዶቹን ልደፍናቸው ነበር። ግን ያ ሁሉ ውሃ የት እንደገባ ሳላውቅ መድፈን አላስችል አለኝ። ደለሉን ጠርጌ ሌላ ክረምት ጠበቅሁ።

ዘንድሮ ጥር ሲያልቅ የብርጓል ጀሪካኗን ደጃፍ ላይ አሳረፈችና አየችኝ።

«ምነው?»

«ዳዊት አላስፈለገኝም። አባታችን ሆይን ደጋግሜ ሳልሰለች ሞላ።»

ዘንድሮም ለሥራው ለመጣችው ሀይማኖት ስነግራት ደስ አላት፤ ግን «ጋሼ፣ ያለፈው ክረምትም ዝናቡ ጥሩ ነበር። በእርግጥ ከጉድጓዱ ነው ለማለት ገና ነው» አለችኝ። አኮረፍኋት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እውነቷን ነው፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

የካቲት አሥራ ስድስት ደረሰ። ያው ጥድ፣ ያው ሕዝብ። አያ አወቀ ተራውን ከላይ እስከ ጭራ ተናገረ፤ የእኔም ማሳ አለበት። ሰዉ መበተን ሲጀምር ጠራኝ።

«ምናለ፣ ና እስቲ።»

ቀረብሁ። ጋቢውን ጣል አላደረገም፤ ጫፉን በእጁ ጨብጦ ይዞታል።

«ያኔ የጠየቅኸኝ ነገር… ውሃው ከየት ነው የሚመጣ? አገኘኸው?»

ፊቱ ላይ ሳቅ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ከእኔ ማሳ ግርጌ ልቆፍር አስቤ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈሰሱን ወደዚያ ልመልሰው። ግን ውሃው ለእኛ ይውጣ ለሌላ ይውጣ በምን አውቃለሁ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ እያረስሁ፣ እየቆፈርሁ፣ ጎኔን እያገላበጥሁ ያሰናዳሁት መልስ ብዙ ነው። «ሰባተኛ ክፍል ስትገባ እነግርሃለሁ» የሚለው ከሁሉ ያምር ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ይህን ብለው ግን ዶማውን ሰቅሎ ይቀራል፤ የእሱ ማሳ ደግሞ ከእኔ ግጦሽ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። እውነቱን ልንገረው ብል እውነቱ «አላውቅም» ነው። በሀይማኖት አፍ ያማረች ቃል በአያ አወቀ ፊት ከእኔ አፍ አልወጣ አለች።

ኩታዬን አስተካከልሁና ወደ ግጦሼ የሚወስደውን ሽቅብ ያዝሁ። ከእሱ ማሳ ግርጌ ያለው አፈር እንደ እኔው የሚያሰርግ መሆን አለመሆኑን በመዳፌ ፈርፍሬ ላየው ፈለግሁ።

«ምናለ! አንተን እኮ ነው!» ይላል ከኋላዬ።

አልዞርሁም።