የየሺወርቅ ግራ እግር

ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህም ላልሰማው አሰማ፦ የደባርቁ በቅሎ ጫኝ የእንግዳው ሚስት ወይዘሮ የሺወርቅ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ካልሲዋን አውልቃለች።

አዋጁን ያስነገረ የለም፤ ነጋሪቱ የሚጎሰመው በእንግዳው ሆድ ውስጥ ነበር። ካልሲዋን ያስወለቃት ፍቅረ ሥላሴ የሚባል የዳባት ልጅ፣ ወጣት ነርስ ነው። የሺወርቅ የጡት ካንሰር ይዟት ጎንደር እየተመላለሰች መድኃኒት ትወስዳለች። መድኃኒቱን በወሰደች ቁጥር ያቅለሸልሻታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል፣ እግሯን ጉንዳን እንደወረረው ይነዝራታል። ልጁ ደግሞ እግርን እየተጫኑ ሕመም ማስታገስ ተምሮ መጥቷል። ገና ሲጀምር ቁርጡን ነገራቸው፤ ካንሰሩን አያድንም፣ የጎንደሩንም መድኃኒት አይተካም፣ ስቃዩን ግን ቀለል ሊያደርግላት ይችላል አለ። እንግዳው መረቀው። ምርቃቱ የቆየው ልጁ እግሯን እስኪይዝ ድረስ ነው።

«እፎይ» አለች የሺወርቅ።

እንግዳው በሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር እስከ አምቢኮ በቅሎ ሲነዳ ሰንብቶ በገባ ቁጥር እግሩን የምታጥበው እሷ ናት። እፎይ የእሱ ቃል ነበረች። አሁን ዓይኗን ጨፍና፣ ጥፍሩ እንደ ሙሽራ ለጠራ ጎረምሳ አሳልፋ ሰጠችበት። ቀና። በታመመች ሚስት እግር መቅናት ነውር መሆኑን አላጣውም፤ ማወቁ ግን በቁስሉ ላይ በርበሬ ሆነበት እንጂ አላሻረውም።

የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዶ፣ ወንድ የሰው ሚስት እግር ማሸቱ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ጌታ እንኳ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል አሉት። እንግዳው፣ ከነሱ መካከል የእኔ ሚስት አልነበረችም ብሎ መለሰና ስግደት ታዘዘበት።

ስግደቱን ጨርሶ ሥራውን ራሱ ሊረከብ ቆረጠ። ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ ካልሲዋን አወለቀ። ችግሩ፣ ዕድሜውን ሙሉ እግር የያዘው በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ ነው። ጀርባውን ሰጣት፤ ግራ እግሯን ወደ ኋላ ስቦ በጉልበቶቹ መካከል ቆለፈና አጎንብሶ ውስጥ እግሯን በአውራ ጣቱ ይፈትሽ ጀመር። እንዳትራገጥበትም «እሽ፣ እሽ» አላት።

«እንግዳው» አለች የሺወርቅ ከኋላው፣ «እንደ በቅሎህ ጠጠር እየፈለግህልኝ ነው?»

ከዚያም ሳቀች። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። እሱ ግን በውርደት እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«የልጁ ይሻላል?» አላት፣ ዞር ሳይል።

«በጣም ይሻላል። ያንተ ያማል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። እግሯን ሊያወርድ ሲል ግን፣ «አትልቀቀው» አለችው።

አልለቀቀውም። ወገቡ እስኪቆረጥ እንደጎበጠ ቆየ።

በማግስቱ ፍቅረ ሥላሴ ዘይቱን ይዞ ሲመጣ የሺወርቅ እንደተለመደው ተጋድማ፣ ቀኝ እግሯን ዘርግታ ትጠብቀዋለች። ግራው በጋቢ ተጠቅልሎ እንግዳው ጭን ላይ ተቀምጧል።

«ቀኙን ያዝ። ይኸኛው የኔ ነው» አለው።

ልጁ፣ ሥራው በሁለቱም እግር እንደሚሠራ በትሕትና አስረዳ። እንግዳው ጋቢውን አጠበቀ።

«ጋሼ፣ እግር እኮ እንደ መሬት የእኩል አይታረስም።»

የሺወርቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ደንግጦ አመማት ወይ ብሎ ጎንበስ አለ። «የሰጠህን ያዝ፣ ልጄ» አለችው፣ ሳቋን እንዳፈነች።

ቀኙን ያዘ። ጥቂት ከሠራ በኋላ አላስችለው አለ።

«ለምን እንደሆነ እንኳ ቢነግሩኝ፣ ጋሼ።»

«አልነግርህም» አለ እንግዳው።